መብራቱስ በራ፤ ሠሪው የት ገባ?

በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ቶኪዮ ከርሜ ነበር። ቀን ቀን ከልዩ ልዩ አገሮች ከመጡ መምህራን ጋር ክፍል ውስጥ እንውላለን፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ግን ጊዜው የራሳችን ነው። ባልደረቦቼ ምሽቱን በየምግብ ቤቱ ሲያሳልፉ እኔ አንድ ጉዳይ ነበረኝና ብቻዬን በባቡር ወደ አኪሃባራ ሄድኩ። አኪሃባራ ጃፓኖች ራሳቸው "የኤሌክትሪክ ከተማ" የሚሉት፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ነው።

ጉዳዬ ትንሽ ነው፤ አንባቢን ሊያስቅም ይችላል። የያዝኩት አንድ ፎቶግራፍ ነበር። ፎቶግራፉ የተፈታ አሮጌ ስልክ ያሳያል፤ በመካከሉም የካዛንቺሱ ስልክ ሠሪ በቀይ የከበባት፣ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ጥቁር ዕቃ አለች። "ዶክተር፣ ጃፓን የሚሄዱ ከሆነ ይቺን ይፈልጉልኝ። ካጡም ግድ የለም፤ ከሌላ ስልክ ነቅዬ እሞክራለሁ። ግን አዲስ ብትሆን ይመረጣል" ብሎኝ ነበር። ስልኩ የእናቴ ነው። እናቴ በ2013 ዓ.ም. ዐርፋለች። ስልኩ ውስጥ ድምጿ አለ።

ስልኩ ውሃ ገብቶበት መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ዛሬ ነገ እያልኩ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝና የምወቅሰው ሌላ ሰው የለም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ነው እንደ ምንም ቆርጬ ካዛንቺስ ወስጄ የሰጠሁት።

አኪሃባራ የደረስኩት ከምሽቱ 2 ሰዓት አለፍ ሲል ነበር። ከባቡር ጣቢያው ስወጣ ዓይኔ ተወናበደ። ስምንት ፎቅ፣ ዐሥር ፎቅ የሆኑ ሕንፃዎች ከእግር እስከ ራሳቸው በማስታወቂያ ተለብጠዋል። ዓይናቸው ከፊታቸው የሚሰፋ የካርቱን ልጃገረዶች ከየግድግዳው ቁልቁል ይመለከታሉ። የቤት ሠራተኛ ልብስ የለበሱ ወጣት ሴቶች ወደ ሻይ ቤታቸው ለመጥራት ወረቀት ያድላሉ። ከየጨዋታ ቤቱ የሚወጣው የደወልና የሙዚቃ ጋጋታ የመርካቶን ጫጫታ ያስንቃል። ሌሊት የሚባል ነገር እዚህ የለም ብዬ ደመደምኩ።

ተሳስቻለሁ። ፎቶግራፌን ይዤ ወደ ባቡር ሐዲዱ ሥር፣ ጥቃቅን መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ጠባብ መተላለፊያ ስገባ ሁሉም ተዘግቷል። ሱቆቹ በጨርቅ ተሸፍነዋል፤ ሽማግሌዎቹ ነጋዴዎች ገና በጊዜ ቤታቸው ገብተዋል። የሚያብረቀርቀው ሁሉ ክፍት ሲሆን እኔ የምፈልገው ብቻ ነበር የተዘጋው። መብራት ብዙ ማለት ሥራ ብዙ ማለት እንዳልሆነ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቄ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሄድኩ። "ሬዲዮ ሴንተር" የሚባለው ይህ ቦታ ከሐዲድ ሥር የተወሸቀ ባለ ሁለት ደርብ ጉራንጉር ነው። እያንዳንዱ ሱቅ ከአንድ አልጋ እምብዛም አይሰፋም። አንዱ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ይሸጣል፤ ሌላው ሽቦ ብቻ፤ ሌላው ዛሬ ማን እንደሚገዛቸው የማይገባኝን የድሮ ሬዲዮ አምፖሎች። አንድ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ፎቶግራፌን በማጉያ መነጽር አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ጃፓንኛ አላውቅም፤ እሳቸውም እንግሊዝኛ አያውቁም። ከሱቃቸው ወጡና ክንዴን ያዝ አድርገው አራት ሱቅ አልፈን ወደ ሌላ ሰው ወሰዱኝ። ያም ሰው አይቶ ከተነጋገሩ በኋላ ወደ ላይኛው ደርብ ተላክሁ። እዚያ አንዲት ሴት ከመቶ የሚበልጡ መሳቢያዎች ካሉበት ግድግዳ አንዱን ስባ ያቺን የሩዝ ፍሬ በትንሽ ላስቲክ አድርጋ ሰጠችኝ። ዋጋዋ ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ነበር።

ያ አሠራር እንግዳ አልሆነብኝም። ካዛንቺስ ውስጥ ከአሮጌው መናኸሪያ ብዙም ሳይርቅ የነበረው የስልክ ሠሪዎች መደዳ እንዲሁ ነበር። የእኔ ሠሪ "ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም" ካለ በባንኮኒው ላይ አልፎ ይጮሃል፤ ከሦስተኛው ሱቅ አንድ ልጅ ይመጣል። ልጁ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠ ነው፤ በመደዳው ማይክሮስኮፕ ያለው እሱ ብቻ ነው። ስክሪንና ከቨር ከፈለጋችሁ ጥጉ ላይ ያለችው ሴት አለች። ከሁሉ ኋላ ደግሞ በደርግ ዘመን ሬዲዮና ቴፕ ሲሠሩ የኖሩ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ያከማቹትን የተበላሸ ዕቃ በጆንያ በጆንያ አስቀምጠው "የሚጣል ነገር የለም" ይሉ ነበር። እኔም ልጅ ሳለሁ የአባቴን ሬዲዮ ተሸክሜ የሄድኩት እሳቸው ዘንድ ነው። ከአንዱ እስከ ሌላው ሃያ እርምጃ ነው።

ቶኪዮ ሳለሁ የአኪሃባራን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትም ከመብራቱ ይልቅ አስገረመኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቶኪዮ ፍርስራሽ ነበረች። ከአኪሃባራ አጠገብ በካንዳ አካባቢ ከጦር ሠራዊት የተረፈ የሬዲዮ ዕቃ ጎዳና ላይ ዘርግተው የሚሸጡ ሰዎች ተሰበሰቡ። በአቅራቢያቸው የኤሌክትሪክ ሙያ ትምህርት ቤት ነበር፤ ዛሬ የቶኪዮ ዴንኪ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ተማሪዎቹ ዕቃውን እየገዙ ሬዲዮ መገጣጠምና መሸጥ ያዙ። በእኛ አነጋገር ጉሊት ነበር ማለት ነው፤ ልዩነቱ በቲማቲም ፈንታ የሬዲዮ አምፖል መዘርጋቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1949 አገሪቱን ይገዛ የነበረው የአሜሪካ ጦር ዋና መምሪያ የጎዳና ንግዶች ሁሉ እንዲነሡ አዘዘ። ትራፊክ ይዘጋሉ፣ ከተማ ያቆሽሻሉ የሚለው ምክንያት ለእኛ ጆሮ አዲስ አይደለም። የሬዲዮ ዕቃ ሻጮቹ ግን ተደራጅተው ተከራከሩ፤ በመጨረሻም እዚያው ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ በአኪሃባራ የባቡር ሐዲድ ሥር ቦታ ተሰጥቷቸው በአንድነት ገቡ። ከአልጋ የማይሰፉት ሱቆች የመጡት ከዚያ ነው። ጎዳናው ጸዳ፤ ሙያውም አልተበተነም።

አደራ፣ ጃፓንን ገነት አድርጌ እየሳልኩ አይደለም። አኪሃባራም ተለውጧል። የአትክልት ገበያው እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ በነበረበት ላይ ግዙፍ የመስታወት ሕንፃዎች ቆሙ። "ሬዲዮ ስቶር" የሚባለው ጥንታዊ የመለዋወጫ መደዳ እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘግቷል። ከተማ ይለወጣል፤ መለወጥም አለበት። ጥያቄው ሲለወጥ ምኑን ይዞ ይለወጣል የሚለው ነው።

እኛና ጃፓን የቆየ ታሪክ አለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" የሚለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችን ከሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. "ጃፓን እንደምን ሠለጠነች" ብለው ጠየቁ። በእኛም ዕድሜ በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ "አምስቱ ማዎች" በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። እንግዲህ ከመቶ ዓመት ለማይርቅ ጊዜ ጃፓን ጃፓን ስንል ኖረናል። ዳሩ ግን ስንመለከት የኖርነው ሕገ መንግሥቱን፣ ፋብሪካውንና ማስታወቂያውን ነው። ከሐዲድ ሥር የተወሸቁትን አዛውንት አይተናቸው አናውቅም።

በኅዳር ወር አዲስ አበባ ተመለስኩ። የሩዝ ፍሬዋን በኪስ ቦርሳዬ ውስጥ በወረቀት ጠቅልያታለሁ። በሦስተኛው ቀን ካዛንቺስ ሄድኩ። መደዳው የለም። መደዳው ብቻ ሳይሆን ከመደዳው ጀርባ የነበረው ሰፈር፣ እናቴ አርባ ዓመት የኖረችበት የቀበሌ ቤት፣ ዳቦ የምንገዛበት፣ ኳስ የምንጫወትበት ሁሉ የአፈርና የድንጋይ ክምር ሆኗል። ኤክስካቫተር ከወዲያ ወዲህ ይላል። ልጆች ከክምሩ ውስጥ ብረት ይለቅማሉ። እዚያው ቆሜ ያሰብኩት ስለ ስልኩ ነው፤ ስለ ሰዎቹ ያሰብኩት ኋላ ነው። ይህን የምናዘዘው ለአንባቢ ሐቁን መሸሸግ ስለማልወድ ነው።

ለማያውቅ ሰው ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ታሪክ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ድርጅት በአካባቢው ቤቶችን ሠራ፤ የድርጅቱ አጭር መጠሪያ በእኛ አንደበት ካዛንቺስ ሆነ። ወራሪው ሄደ፤ ስሙ ቀረ። ቤቶቹን ሕዝቡ ወረሳቸው፤ ጨመረባቸው፤ ቀጠለባቸው። ባለሥልጣኑና ሊስትሮው፣ የኢሲኤ ዲፕሎማትና አዝማሪው ጎን ለጎን የሚያመሹበት ሰፈር ሆነ። በውጭ አገር ሳይቀር ስሙ የታወቀው የፈንድቃ አዝማሪ ቤትም በዚያው ሰሞን ከነበረበት ተነሥቷል። ከነዋሪው ብዙው ወደ ገላን ጉራ ተዛወረ።

ፍትሐዊ ልሁን። የድሮውን ካዛንቺስ በናፍቆት አልቀባባም። ለሠላሳ ሰው አንድ መጸዳጃ ቤት የነበረበትን ግቢ አውቃለሁ፤ አድጌበታለሁ። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈስሳል፤ የቆሻሻ ውሃ በበር ሥር ይገባል። እናቴ በመጨረሻ ዘመኗ በሌሊት ወደ ውጭ ለመውጣት ትፈራ ነበር። "ነባሩ ሁሉ ይቆይ" የሚል ሰው እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ያልኖረ ነው። ገላን ጉራ የገባ አንድ የአብሮ አደጌ ወንድም የራሱ መጸዳጃ ቤት በማግኘቱ እግዚአብሔርን እንደሚያመሰግን ነግሮኛል። በዚያው አንደበት ግን "እንጀራው ግን ካዛንቺስ ቀረ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ፍለጋው ተጀመረ። ሠሪዬን በስሙ እንጂ በስልክ ቁጥሩ አላውቀውም ነበር። ቁጥሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎት ነበር፤ እኔም የማይጠፋ መስሎኝ አልመዘገብኩትም። ማታ ማታ ከክፍል ስወጣ በእግሬ ቂርቆስን ማካለል ያዝኩ። ከለገሃር ተነሥቼ በስታዲየም በኩል መስቀል አደባባይ እወጣለሁ፤ አንዳንድ ቀን በበቅሎ ቤት አድርጌ እስከ ጎተራ እወርዳለሁ። ስልክ የሚሠራበት ባንኮኒ ባየሁ ቁጥር ቆም ብዬ እጠይቃለሁ። በየመንገዱ ጥግ ላስቲክ ዘርግተው ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ የሚሸጡ ልጆች ቆሜ ሳያቸው ደንብ አስከባሪ መስያቸው ሁለት ጊዜ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሮጠውብኛል። ዶክትሬቴን ከያዝኩ ወዲህ እንዲህ የተፈራሁበት ጊዜ አልነበረም።

የተገናኘነው በአንዲት ቡና አፍይ ምክንያት ነው። ካዛንቺስ መደዳው ፊት ለፊት በጀበና ቡና ትሸጥ የነበረችውን ሴት አንድ ምሽት ኡራኤል አካባቢ አገኘኋት። እኔን ከማወቋ በፊት ድምፄን አወቀችው። "ያ ቀጭኑ? ቄራ ነው አሉ። ደረጃ ሥር ነው የተቀመጠው" አለችኝ። የማንን አድራሻ ማን እንደሚያውቅ ለማጣራት የጠየቅኳቸው ጽሕፈት ቤቶች ያልሰጡኝን መልስ ቡናዋን ሳልጨርስ ሰጠችኝ።

እውነትም ቄራ፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ ከደረጃ ሥር፣ ክንድ ከስንዝር በምትሆን ባንኮኒ ላይ አገኘሁት። የካቲት ነበር። ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሣ።

"ዶክተር! እኔ እኮ ስልክዎን ይዤ ነው የምዞረው" አለኝ።

ከባንኮኒው ሥር አንድ ቦርሳ አወጣ። ውስጡ የዐሥራ አንድ ደንበኞች ስልክ አለ፤ እያንዳንዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁጥር ተጽፎበታል። የእናቴ ስልክ ሰባተኛው ነው። ሱቁን በጥድፊያ ሲለቅ መሣሪያውንና ይህን ቦርሳ ብቻ ነው በእጁ ይዞ የወጣው፤ ሌላውን በኋላ ነው የሰበሰበው። ባለቤቶቹ ይመጡ ይሆናል ብሎ ሦስት ወር በየሄደበት ተሸክሞታል። ከዐሥራ አንዱ የመጡት አራት ብቻ ናቸው።

የሩዝ ፍሬዋን ሰጠሁት። በማጉያ አይቶ ፈገግ አለ። "ራሷ ናት። ግን ዶክተር፣ ይቺን እኔ አልበይዳትም። ማይክሮስኮፕ ትፈልጋለች" አለኝ።

"ልጁስ?"

"ገላን ጉራ ነው። ከቤተሰቦቹ ጋር ገባ። ማይክሮስኮፑ አለ፤ ሥራ ግን የለውም። አሁን ሌላ ሥራ ይዟል፤ እሑድ ብቻ ነው የሚገኘው።"

ስክሪን የምትሸጠው ሴት ጀሞ ሄዳለች። የጆንያው ጋሼስ? ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ነገረኝ። የሚያስቀምጡበት ቦታ ስላጡ አርባ ዓመት ያከማቹትን ሁሉ ለቆራሌ በኪሎ ሸጡት። ትራንስፎርመሩም፣ የሬዲዮ አምፖሉም፣ አሁን የትም የማይገኘው የቴፕ ሞተርም በአንድ ሚዛን ላይ ወጣ። ቶኪዮ ላይ ከመቶ መሳቢያዎች አንዱን የሳበችው ሴት ትዝ አለችኝ። የጋሼ ጆንያዎች የእኛ መሳቢያዎች ነበሩ።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ነው የኔ ነጥብ። የስልክ ሠሪዎች መደዳ የሱቆች ስብስብ አይደለም፤ አንድ ትልቅ አእምሮ ነው። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም፤ አንዱ ያለው መሣሪያ ሌላው ዘንድ የለም። ሃያ እርምጃ ሲራራቁ አንድ ናቸው፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ሲራራቁ ግን ምንም ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አባቶቻችን ድሩን በየአቅጣጫው በጥሰን ከጣልነው በኋላ እያንዳንዱን ክር ለየብቻው ካሳ ብንከፍለውስ ምን ይሆናል ብለው አልነገሩንም፤ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብለው አላሰቡምና።

በእርግጥ ካሳ እንኳ የሚከፈለው ለማን ነው? የካሳ አዋጃችን፣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ በመሠረቱ የሚናገረው ስለ ባለይዞታ ነው። ከሰው ሱቅ ላይ አንድ ባንኮኒ የተከራየ ሠሪ ባለይዞታ አይደለም። ካርታ የለውም፤ ያለው እጁና ጎረቤቱ ነው። ለእጅ ካሳ የለውም፤ ለጎረቤትማ ማን ዋጋ ያወጣለታል?

ጊዜው ደግሞ ጥገና ይበልጥ የሚያስፈልግበት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስልክም ኮምፒውተርም ከውጭ የሚመጣ ነውና ዋጋው ተከትሎ ወጣ። የእኔ ተማሪ ስልኩ ቢሰበር አዲስ መግዛት አይችልም፤ ያለው ምርጫ ማሠራት ነው። ሀብታም የሆኑት እንኳ ወደ ጥገና እየተመለሱ ናቸው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 የመጠገን መብትን የሚያጠናክር መመሪያ አውጥቷል። እነሱ መብቱን በሕግ ሊፈጥሩት ይታገላሉ፤ እኛ ያለ ሕግ በየሰፈሩ በቅሎ የነበረውን ነቀልነው።

ሌላም የማይረሳኝ ነገር አለ። በዚያው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ አጠገብ የአፍሪካ አዳራሽ ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ ተመረቀ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ያለበት፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት አዳራሽ ነው። አልፈረሰም፤ ተጠገነ። ነባሩን ይዞ ማደስ እንደሚቻል ማስረጃው እዚያው ሰፈር ቆሟል። ለአዳራሽ የተቻለ ነገር ለሰው ለምን እንደማይቻል የሚነግረኝ ባገኝ አመሰግነዋለሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ምሽት 3 ሰዓት ገደማ፣ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቼ በእስጢፋኖስና በኢሲኤ በኩል ወደ ካዛንቺስ ወጣሁ። መንገዱ አምሯል። የእግረኛው መሄጃ ሰፊ ነው፤ የብስክሌት መስመር አለ፤ መብራቱ ከእግር ሥር ጉንዳን ያሳያል። ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ይንሸራሸራሉ፤ ወጣቶች ፎቶ ይነሣሉ። ሴቶች በምሽት ሳይሰጉ ሲሄዱ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ይህን የማይወድ ሰው አገሩን የማይወድ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የከተማው ደንብ በዋና ዋናዎቹ መንገዶች ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 ክፍት እንዲሆኑ ስለሚያዝዝ ሱቆቹም አልተዘጉም። አንድ አዲስ የስልክ መሸጫ ገባሁ። መስታወቱ ያብረቀርቃል፤ ልጆቹ ትሑቶች ናቸው። የተበላሸ ስልክ ትሠራላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ልጁ በአክብሮት "አይ ጋሼ፣ እኛ አዲስ ብቻ ነው የምንሸጠው" አለኝ። የአኪሃባራ የመጀመሪያ ምሽቴ ትዝ አለኝ፤ የሚያብረቀርቀው ሁሉ ክፍት፣ የምፈልገው ዝግ። ቶኪዮ ላይ ግን በማግሥቱ በጊዜ ብሄድ ይከፈት ነበር።

ምን ይደረግ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። አንድ መደዳ ሲነሣ ባለካርታውን ብቻ ሳይሆን ባንኮኒ የተከራየውንም እንቁጠር። ሲዛወሩም ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ይዛወር፤ በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት አልጋ የማታህል ቦታ በሚችሉት ኪራይ ትሰጣቸው። ቀሪውን እነሱ ያውቁበታል። ቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ1949 ከዚህ የበለጠ አላደረገችም፤ ያውም በጦርነት ተቃጥላ፣ በባዕድ ጦር ሥር ሆና።

የእናቴ ስልክ ሦስት እሑድ ፈጀ። ከቄራ ገላን ጉራ፣ ከገላን ጉራ ጀሞ፣ ከጀሞ ተመልሶ ቄራ። ለጥገናው ከከፈልኩት ለታክሲ የከፈልኩት በለጠ። ሠሪዬ ግን የተመላለሰበትን አልቀበልም አለ፤ "እናት እኮ ናቸው" ብሎ።

ድምፁ አርባ ሰከንድ አይሞላም። እኔው ነኝ አንድ ቀን እንዴት እንደሚቀዳ ያሳየኋት። መጀመሪያ ሳል ይሰማል፤ ከውጭ የታክሲ ረዳት "አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!" ይላል፤ የጎረቤት በር ይንኳኳል። ቀጥሎ እናቴ ስልኩን ወደ አፏ በጣም አስጠግታ፣ እንደማታምነው ሰው ቀስ ብላ ትጠይቃለች፦ "አንተ፣ ይሄ ነገር ይሠራል እንዴ?"

ይሠራል እማዬ። አራት ሰዎች ሠርተውታል፤ አንድ ላይ ቢሆኑ ኖሮ በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር።

ቸር ያሰማን።